አንገቱ ሳይደርቅ ቤት አታስገባው

ልጄ ሆይ፣

ወንዙ ዳር ያለችውን ቁራሽ መሬት ዘንድሮ ቀይ ሽንኩርት እንደተከልክባት፣ ከቤትህ ጀርባ ያለውን ጓሮ ደግሞ ለነጭ ሽንኩርት እንዳዋልከው ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ስለ እርሻው፣ ስለ ችግኙና ስለ ውኃው የሚነግርህ አታጣም፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያም ጎረቤትህም አለልህ። ሽንኩርቱ ከመሬት ከወጣ በኋላ ስለሚደረግለት ነገር ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ጉዳቱ የሚበዛውም እዚያ ላይ ነው። አራት ወር የተለፋበት ምርት በጥቂት ሳምንት ሸትቶ ሲጣል ማየት ያንገበግባል፤ ስለዚህ የማውቀውን በተራ በተራ ልጻፍልህ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር በልብህ ያዝ፦ የሽንኩርት ዕድሜ አንገቱ ላይ ነው። አንገት የምለው ቅጠሉ ከሽንኩርቱ ራስ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ነው። ሽንኩርት ከመቶ ዘጠና ገደማው ውኃ ነው። ይህን ውኃ ይዞ ወራት የሚቆየው የላይኛው ልጣጭ ደርቆ ሲሸፍነውና አንገቱ ጠብቦ ሲዘጋ ነው። አንገቱ እርጥብ ሆኖ ከቀረ ሻጋታው በዚያ ገብቶ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ከላይ ለሚያየው ግን ለሳምንታት ደህና ይመስላል። ከዚህ በታች የምነግርህ ሁሉ አንገቱ እንዲዘጋ፣ ከተዘጋም በኋላ እንደተዘጋ እንዲቆይ ስለሚደረገው ነው።

1ኛ. የቆምክበትን አገር እወቅ።

መንዝና መርሐቤቴ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ለሽንኩርት ግን አንድ አገር አይደሉም። የመንዟ መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ተነሥተህ ወደ ጀማ ወንዝ ስትወርድ ደግሞ ከ1,500 ሜትር በታች ትደርሳለህ። ቀይ ሽንኩርት ሙቀት ይወዳል፤ የሚስማማው በጀማና በወንጪት ሸለቆ፣ በመስኖ ነው። ነጭ ሽንኩርት ብርዱን ስለሚችል በመንዝና በግሼ ደጋ ከገብሱና ከባቄላው አጠገብ ጓሮ ውስጥ ይበቅላል።

የሚበላሹበትም መንገድ ይለያያል። ቆላው ሲሞቅ ልጣጩ ሥር ጥቁር ዱቄት የሚነዛ ሻጋታ ይነሣል። ደጋው ሲቀዘቅዝና ጉም ሲውልበት ግራጫ ሻጋታ ከአንገቱ ይጀምራል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ነገር አለ። ቀይ ሽንኩርት ፈጥኖ የሚያጎነቁለው አየሩ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሳያጎነቁል ይቆያል፤ ወደ 0 በተጠጋ ቅዝቃዜም እንዲሁ። የመንዝ ቤት የውስጥ አየር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ባለው መካከል ይውላል። ስለዚህ «አገሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ይቆይልኛል» ብለህ ቆላ ያመረትከውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጭነህ ወደ ደጋ አታውጣ። ቆላ ላይ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አኑረውና ለቤትህ የሚበቃውን በየገበያው ቀን ጥቂት ጥቂት አስመጣ።

2ኛ. ዩሪያውንም ውኃውንም በጊዜ አቁም።

ሽንኩርት ማቆየት የሚጀመረው ገና ማሳ ላይ ሳለ ነው። ሁለተኛው ዙር ዩሪያ ችግኙ ከተዛወረ በ45ኛው ቀን ገደማ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ አትጨምርበት። ራስ መያዝ ከጀመረ በኋላ ዩሪያ ያገኘ ሽንኩርት ቅጠል ማብዛቱን አይተውም። አንገቱ ይወፍራል፤ ቅጠሉም አልተኛ ይላል። እንዲህ ያለው ሽንኩርት ማሳ ላይ ሲያዩት ያምራል፤ ቤት ሲገባ ግን መጀመሪያ የሚበሰብሰው እሱ ነው።

ለመነቀል ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ቅጠሉ እዚህም እዚያም መተኛት ሲጀምር፣ ቦዩን ዝጋ። ሚዛን ያነሣልኛል ብለው በመንቀያው ዋዜማ የሚያጠጡ አሉ። የጨመሩት ክብደት ውኃ ብቻ ነው። በዚያ ውኃ ልጣጩ ይሰነጠቃል፣ ሥሩም እንደገና ያቆጠቁጣል። የገዛውም ሰው በሳምንቱ ሲበሰብስበት በሚቀጥለው ዓመት ወደ አንተ አይመጣም። በደረቅ መሬት ላይ የደረሰ ሽንኩርት ግን ልጣጩ ቀልቶና ጠንክሮ ይወጣል፤ ለማድረቅም ግማሹ ሥራ ማሳው ላይ አልቆልሃል።

3ኛ. ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ይተኛ።

ቦምቤ ሬድም ሆነ አዳማ ሬድ የተባለው ዝርያ ከተዛወረ በኋላ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋል። አንተ ግን ቀን ከመቁጠር ይልቅ ቅጠሉን እይ። ከማሳው ግማሹ አልፎ እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ ቅጠሉ ከአንገቱ ላይ ታጥፎ ሲተኛ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ቅጠሉ የሚተኛው አንገቱ ባዶ ሆኖ ስለሚላላ ነው፤ ምግቡን ወደ ራሱ አውርዶ ጨርሷል።

ቶሎ እንዲደርስ ብለው ቅጠሉን በእግር የሚረግጡ አሉ። ይህን አታድርግ። የተረገጠ አንገት ይቀጠቀጣል እንጂ አይዘጋም፤ በቁስሉም ሻጋታ ይገባበታል። የመንዝ ሰው የጓሳን የሣር መሬት ለዘመናት ያቆየው ጊዜውን በመጠበቅ ነው። በጥንቱ የቄሮ ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሲከፈት ብቻ ይታጨድ ነበር። ያን ትዕግሥት ለሽንኩርትህም አትንፈገው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

ነጭ ሽንኩርት ግን ሌላ ፍርድ ይፈልጋል። በሰኔ የተተከለው በጥቅምትና በኅዳር ይደርሳል። ቅጠሉ በሙሉ እስኪደርቅ ከጠበቅኸው ራሱ መሬት ውስጥ ይፈነዳል፤ ፍሬዎቹም ተለያይተው አፈር ይገባባቸዋል። የታችኞቹ ቅጠሎች ደርቀው የላዮቹ አራት አምስቱ ገና አረንጓዴ ሳሉ አውጣው። እያንዳንዱ አረንጓዴ ቅጠል እስከ ራሱ ወርዶ አንድ ልጣጭ ስለሚሆንለት፣ በዚያ ጊዜ የወጣ ነጭ ሽንኩርት በብዙ ልጣጭ ተሸፍኖ ይቆያል።

4ኛ. ስታወጣው አታቁስለው።

ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ደረቅ ቀን መርጠህ አውጣ። አፈሩን ከጎን በመቆፈሪያ አላላውና ሽንኩርቱን በእጅህ አንሣው፤ መሬቱ ጠንክሮ ሳለ ቅጠሉን ይዘህ አትጎትት። አፈሩን ለማራገፍ ራስ ከራስ አታጋጭ፤ ከሩቅም ወደ ክምር አትወርውር። የተመታበት ቦታ ዛሬ ምንም አይታይበትም፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ለስልሶ ውኃ ያወጣል። የቀረውን አፈር ተወው፤ ሲደርቅ ራሱ ይረግፋል። በውኃ ግን ከቶ አትጠበው።

እዚያው ማሳ ላይ በሦስት ክምር ለየው። በመጀመሪያው ክምር አንገቱ ቀጭን፣ ልጣጩ ሙሉ፣ ቁስል የሌለበት ይሁን፤ የሚከማቸው እሱ ነው። በሁለተኛው አንገቱ ወፍራምና ቅጠሉ ያልተኛ ይሁን፤ እሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበላ ወይም ይሸጥ። በሦስተኛው አበባ ያወጣ፣ መንታ የሆነ፣ በመቆፈሪያ የተቆረጠና ፀሐይ ያቃጠለው ይሁን። አበባ ያወጣ ሽንኩርት መሐሉ ላይ ጠንካራ ግንድ አለበት፤ ግንዱ ከደረቀ በኋላ ክፍት ቀዳዳ ስለሚተው ምንም ብታደርግለት አይቆይም። ዛሬውኑ ለወጥ ይሁን።

5ኛ. ስጡን ከፀሐይም ከጤዛም ጠብቅ።

ማድረቅ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፀሐይን ነው። ሽንኩርት ከፀሐይ ይልቅ የሚፈልገው ነፋስ ነው። በቆላው የቀትር ፀሐይ ራቁቱን የተሰጣ ሽንኩርት በአንድ ጎኑ ተቀቅሎ ነጭ ይሆናል፤ በዚያው ቦታ ይበሰብሳል። ማሳ ላይ የምታስጣው ከሆነ በረድፍ አስተኛውና የአንደኛው ረድፍ ቅጠል የሌላኛውን ረድፍ ራስ እንዲሸፍነው አድርግ። እንዲህ ሲሆን ቅጠሉ ለፀሐዩ ይጋለጣል፤ ራሱ ጥላ ያገኛል፤ ነፋሱም በመካከሉ ያልፋል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ወደ ዳስ ወይም ወደ ጎጆ ጥላ አዛውረውና ሳትደራርብ አስጣው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ከ10 እስከ 15 ቀን ይበቃዋል። ከመቶው ኪሎ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ክብደት ይቀንሳል። አትዘንበት፤ የቀረውን የምታተርፈው በዚያ ነው።

በደጋው የምትጠነቀቅለት ሌላ ነው። ነጭ ሽንኩርት በሚደርቅበት በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ውርጭ የመታው ራስ ውርጩ ሲለቀው ውስጡ ይላላል፤ ከዚያ ወዲያ መድኃኒት የለውም። ማታ ማታ ወደ ቤት አስገባው ወይም ከጣራ ሥር አስጣው። የመንዝንና የግሼን የበልግ ዝናብም አትርሳ። በየካቲትና በመጋቢት ሰማዩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊለወጥ ይችላል፤ በመስኖ ያመረትከው ሽንኩርት ስጥ ላይ የሚሆንበት ወርም ያው ነው። ስጡን ከማስጣትህ በፊት ጣራ ያለው ቦታ አዘጋጅ። ዝናብ የነካውን ስጥ ገልብጠህና በትነህ ለነፋስ ስጠው፤ ሸፍነህ አታሙቀው። የፕላስቲክ ሸራ ለአንድ ሰዓት ዶፍ ይጠቅማል፤ ሌሊቱን ሙሉ ካደረበት ግን ከውስጥ ያልበዋል።

6ኛ. አንገቱን ፈትነህ አስገባ።

መድረቁን በዐይን ብቻ አትመን። ከስጡ መካከል አንዱን አንሥተህ አንገቱን በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መካከል እሸው። ከውስጥ የሚያንሸራትት ነገር ከተሰማህ፣ ጣትህንም ካረጠበው፣ ገና ነው። አንገቱ ጠብቦ፣ ቅጠሉ እስከ ሥሩ ገለባ ሆኖ፣ ልጣጩ በእጅህ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ደርሷል። ሥሩም ተሰባሪ መሆን አለበት። ከአንድ ቦታ ብቻ አትፈትን፤ ከዳር፣ ከመሐልና ከታችኛው ረድፍ እያነሣህ ፈትን። ከአሥሩ ሁለቱ እርጥብ ከሆኑ ሁሉም ጥቂት ቀን ይጨመርለት።

ቅጠሉን የምትቆርጠው ከዚህ ፈተና በኋላ ነው። አረንጓዴ ሳለ መቁረጥ አንገቱን ቁስል አድርጎ መተው ነው። ስትቆርጥም ከራሱ አስጠግተህ አትላጨው፤ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አንገት ተውለት። ሥሩን ከርክም፤ መቀመጫውን ግን አትቁረጥ። ብታጎነጉነው ደስ የሚልህ ከሆነ ቅጠሉን ሳትቆርጥ ጎንጉነህ መስቀልም ትችላለህ።

7ኛ. የዕንጨት ርብራብ ሥራለት።

ለማከማቻ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግህም። አራት ባላ ትከል፤ በላያቸው የባሕር ዛፍ ማገር አሳልፍ፤ በማገሩ ላይ ሸምበቆ ወይም ቀጫጭን ጭራሮ እያራራቅህ ረብርብ። የመጀመሪያው የርብራብ አልጋ ከመሬት ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ይበል፤ እርጥበት ከመሬት ይነሣልና። በየአልጋው ላይ የምትዘረጋው ሽንኩርት ከአንድ ስንዝር በላይ አይደራረብ። በሁለቱ አልጋዎች መካከልም እጅህ ገብታ የምትለቅምበት ክፍተት ይኑር። መተላለፊያ ሳታስቀር ቤቱን በርብራብ አትሙላው፤ በየጊዜው ገብተህ ማየት አለብህና።

ጣራው የሣር ይሁን። ቆርቆሮ ቀን ያግላል፤ ሌሊት ደግሞ እርጥበት ከሥሩ ይቋጥርና በሽንኩርቱ ላይ ያንጠባጥባል። ቆርቆሮ ካለህም ከሥሩ ሣር አልብሰው። ግድግዳው ነፋስ የሚያሳልፍ ጭራሮ ወይም ሸምበቆ ይሁን፤ ዝናብ በሚያዘነብልበት ጎን ብቻ ሰሌን አንጠልጥል። በመንዝ በድንጋይ ቤት የምትኖር ከሆነ ወፍራሙ ግድግዳ ለሰው ይሞቃል እንጂ ለሽንኩርት አይሆንም፤ አየር አይዘዋወርበትም። ርብራቡን ከበሩ ትይዩ አድርገው ወይም ከጣራው ዘርፍ ሥር በውጭ ሥራው። ቤቱ ጨለም ያለ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ነፋስ ግን የግድ ነው።

8ኛ. በጆንያ አትቅበረው።

እህል በጎታ ይቆያል፤ ሽንኩርት ግን እንደ እህል አይቀመጥም። ሽንኩርት ከተነቀለም በኋላ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስም ሙቀትና እርጥበት ያወጣል። የማዳበሪያ ጆንያ ውስጡ ፕላስቲክ ስለሆነ ያን እርጥበት ያፍነዋል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ከመሐል ይሞቃል፣ ከዚያም ይሸታል። ለማጓጓዝ ጆንያ ካስፈለገህ መረቡን ግዛ። መድረሻህ ላይ ስትደርስም ሳታሳድር አራግፈው። በአህያ ስትጭን ጆንያውን ከመሬት ላይ አታፍርጠው፤ በላዩም ሰው አይቀመጥ።

ከድንች ጋር አንድ ላይ አታኑረው። ድንች እርጥበት ያወጣል፤ ሽንኩርት ይጠጣዋል፤ ሁለቱም ቶሎ ያጎነቁላሉ። ከቅቤ፣ ከዱቄትና ከጤፍም አርቀው፤ ሽታው ይይዛቸዋል። ባዶ ወለል ላይም አታፍስሰው፤ ሌላ ቦታ ብታጣ እንኳ ደረቅ ሣር ጎዝጉዝለትና በስሱ ዘርጋው።

9ኛ. ነጭ ሽንኩርትን ከነቅጠሉ ስቀለው።

ነጭ ሽንኩርት በደንብ ከያዝከው ከቀይ ሽንኩርት ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ከ10 እስከ 20 ራስ እያደረግህ ከነቅጠሉ እሰር ወይም ጎንጉን፤ ማሰሪያው የጓሳ ሣር ገመድ ቢሆን ይበቃል። በጥላ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት አንጠልጥለው። ግንዱን በጣትህ ስትሰብረው ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል።

ከዚያ በኋላ እናቶቻችን ያደርጉት የነበረውን አድርግ፤ ማድ ቤት ውስጥ ጭሱ በሚደርስበት ጣራ ሥር ስቀለው። ጭሱ ቤቱን ደረቅ ያደርገዋል፤ ተባይም አያስጠጋም። ነገር ግን ከምድጃው በቀጥታ በላይ አታንጠልጥለው። እሳቱ ያቃጠለው ፍሬ ቢጫ ሆኖ ይሳሳል፤ ለዘርም አይበቅልም። እጅህን ጉንጉኑ ባለበት ከፍታ ዘርጋና ወጥ ሲሠራ ያለውን ሙቀት እየው፤ እጅህ ሳትቃጠል መቆየት ከቻለች ቦታው ደህና ነው።

10ኛ. ለዘር የሚሆነውን አስቀድመህ ለይ።

ነጭ ሽንኩርት ዘሩ ራሱ ፍሬው ነው፤ የሐበሻ ሽንኩርትም እንዲሁ። ትልልቁን ሸጠህ ትንንሹን ለዘር ካስቀረህ በየዓመቱ ራሱ እያነሰ ይሄዳል። ገና ስትነቅል ትልቁን፣ ጤነኛውንና ልጣጩ ያልተከፈተውን ለይተህ ለብቻው እሰረው። ቢቸግርህም እንኳ ይህን ጉንጉን አትንካው። ፍሬውን ከራሱ የምትለየው ለመትከል ቀናት ሲቀሩህ ነው፤ ቀድሞ የተፈለቀቀ ፍሬ ይደርቃል፤ ሻጋታም ያገኘዋል።

አንድ ትልቅ ጠላት ልንገርህ። ራሱን ከሥሩ በኩል ገልብጠህ እይ። ነጭ ፀጉራም ሻጋታ ካለበት፣ በሻጋታውም ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ካየህ፣ ነጭ አበስብስ የሚሉት በሽታ ነው። የሚወደው ቀዝቃዛ አፈር ነውና ደጋችን ይመቸዋል። እነዚያ ጥቁር ነጠብጣቦች በአፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ መቆየት ይችላሉ። አንድ የታመመ ጉንጉን ለዘር ካስገባህ ለራስህ ብቻ ሳይሆን ለልጅህም መሬት በሽታ አወረስክ ማለት ነው። የታመመውን አቃጥለው፤ ከፍግ ጋር አትቀላቅለው፣ ወደ ቦይም አትጣለው። መቆፈሪያህንና ጫማህን ከዚያ ማሳ ስትወጣ አጥባቸው። ዘር ስትገዛም ራሱን ገልብጠህ ሥሩን ሳታይ ገንዘብ አትክፈል። የታመመ መሬት ካለህ ሽንኩርት ነክ ነገር አትትከልበት፤ ለገብስ፣ ለባቄላና ለምስር ተውለት።

11ኛ. በየሳምንቱ እየለቀምክ፣ በቅደም ተከተል ተጠቀምበት።

ያከማቸኸውን ዘግተህ አትርሳው። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ በየ15 ቀኑ አልጋዎቹን ዳሥሥ። አፍንጫህ ከዐይንህ ይቀድማል፤ ገና ስትገባ ጎምዘዝ ያለ ሽታ ከመጣብህ የበሰበሰ አለ። አንገቱን በአውራ ጣትህ ጫን ጫን አድርገው፤ ከለሰለሰ አውጣው፤ የነካቸውን ጎረቤቶቹንም ለይተህ ቶሎ ተጠቀምባቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ወፍራም አንገት ያለው፣ ቀጥሎ ትልልቁ፣ መጨረሻ መካከለኛውና ጠጣሩ ይበላ፤ ረጅም የሚቆየው መካከለኛው ነው። ማጎንቆል የጀመረው ይበላል፤ ግን አታሳድረው። አንዱ ጎኑ ብቻ የተነካው ሲቆረጥለት ለቁሌት ይሆናል። ቁስል ስላለበት ከማይቆየው ሽንኩርት ጤነኛው ክፍል ሲተርፍ ደግሞ የበርበሬ ማዘጋጃ ወቅት ይርዳህ። ቀይ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከበርበሬው ዛላ ጋር ተወቅጦ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ዓመት የሚሻገር ነገር ይሆናል። በእኛ ቤቶች ሽንኩርት ከጥንት ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ የሚቆየው በዚህ መልክ ነው። የሻገተውን ግን ለበርበሬም አታስገባው።

ጊዜውንም ቁጠር። በጥርና በየካቲት ያወጣኸው ቀይ ሽንኩርት በደንብ ከደረቀና በርብራብ ላይ ከዋለ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቆይልሃል። በዚህ መካከል የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም አለ፤ ሽሮውም ምስሩም ሽንኩርት ይፈልጋል። በመጨረሻው ፋሲካ አለ፤ ለዶሮ ወጥ የማይፈልግ ቤት የለም። ገበያ የሚወደደው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ አልፎ እስከ ክረምት ለማድረስ አትታገል፤ የሐምሌ እርጥበት ያሸንፍሃል። የክረምቱን ጉድለት በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬው ሸፍነው።

12ኛ. ከጎረቤቶችህ ጋር ምከር።

በአንድ ቦይ የሚጠቀም ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ተክሎ በአንድ ሳምንት ሲነቅል ነጋዴው ዋጋውን ይቆርጣል፤ ገበሬውም የሚያደርቅበት ስለሌለው በቆረጡለት ይሸጣል። ያለ ርብራብ የተቀመጠ ሽንኩርት ይበሰብሳል የሚለው ፍርሃት ነው ዋጋውን የሚያወርደው። ሁለት ሳምንት መቆየት የቻለ ሰው ግን ዛሬ የተባለውን ዋጋ ካልወደደው ነገ መጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ የመስኖውን ውኃ ከሚያከፋፍለው ከውኃ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩና ተከላውን በሁለትና በሦስት ዙር ክፈሉት። የማድረቂያውን ዳስ በደቦ ሥሩ፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ይግባበት፤ ዝናብ ቢመጣም ሁሉም እጅ ለአንዱ ስጥ ይድረስ። ነጭ አበስብስ የታየበት ማሳ ካለ ባለቤቱ ሳያፍር ይናገር፤ ሌሎቹም ሳያሳፍሩት ይርዱት፤ ውኃው ከማሳ ማሳ ያልፋልና። የደጋ ዘመድና የቆላ ዘመድም ይደጋገፉ፤ ከላይ ነጩ፣ ከታች ቀዩ እየተለዋወጠ ሁለቱም ቤት ዓመቱን ሙሉ ወጥ ይሠራበት።

ልጄ፣ ዘንድሮ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መፈጸም ባትችል እንኳ ሦስቱን አትተው፦ ውኃውን በጊዜ ቁረጥ፣ አንገቱን ሳትፈትን አታስገባ፣ ነፋስ አትንፈገው። እነዚህን ያደረገ ሰው ልፋቱ መሬት ላይ አይቀርም። መሬትህን ያለምልምልህ፤ ያመረትከውን ለመብላትና ለማብላት ያብቃህ፤ ጓዳህ አይጉደል።